አባቶቻችን እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲሄዱ ማን ሳቀ?

የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችን በተመለከተ የሕዝብ አስተያየት በሚለካባቸው በብዙ አገሮች ወጣቱ ከሽማግሌው ይልቅ ለዘብ ይላል። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ሪፖርት፣ በደቡብ ኮሪያ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 29 ከሆኑት መካከል 79 በመቶዎቹ ማኅበረሰቡ ሊቀበላቸው ይገባል ሲሉ፣ 50 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ግን እንዲህ ያሉት 23 በመቶ ብቻ ነበሩ። አባትና ልጅ በአንድ ማዕድ ተቀምጠው በሁለት አገር ይኖራሉ ማለት ነው። ይህን መለኪያ ይዞ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም የሚገባ ሰው ግን ግራ ይጋባል።

እኛ ዘንድ በፍርዱ ላይ አባትና ልጅ እምብዛም አይለያዩም። ያው ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2007 ኢትዮጵያውያንን ሲጠይቅ 97 በመቶው ማኅበረሰቡ ሊቀበለው አይገባም ብሎ መልሷል። ከመቶ ሰው 97ቱ በአንድ ቃል የሚናገርበት ሌላ ጉዳይ በዚህ አገር መኖሩን እጠራጠራለሁ፤ ስለ ክረምቱ ዝናብ እንኳ እንዲህ ተስማምተን አናውቅም። ልጅ ከአባቱ የሚለየው ከጓደኛው ጎን ሲቀመጥ፣ ሰላም ሲል፣ ሲተኛና ሲስቅ ነው። እዚያ ላይ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል። ዘና ያሉት አባቶች ናቸው፤ የሚሳቀቁት ልጆች።

በገበያ ቀን ማምሻውን ከደብረ ማርቆስ ወደየቀበሌያቸው የሚመለሱ ጎልማሶችን ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። ዱላው በትከሻ ተጋድሟል፤ ጋቢው ወደ ኋላ ተጥሏል፤ የአንዱ ትንሽ ጣት በሌላው ትንሽ ጣት ተቆልፏል። እንዲያ ሆነው ስለ በሬ ዋጋ እያወሩ አቀበቱን ይወጣሉ። ዝናብ ከመጣ ሁለቱም በአንድ ጋቢ ይሸፈናሉ። ከሐዘን ቤት ሲገናኙ አንገት ለአንገት ተያይዘው ያለቅሳሉ። ቅኔ ፍለጋ ወደ ጎንጅ፣ ወደ ዲማና ወደ ደብረ ኤልያስ የሚጎርፈው የቆሎ ተማሪም በጠባብ ጎጆ ተጠጋግቶ፣ ደበሎ ደራርቦ እያደረ ነው ሊቅ የሚሆነው። በሠርግ ሰሞን ሚዜ ከሙሽራው ጎን አይለይም። ይህ ሁሉ ሲሆን የሚጠረጥር ቀርቶ ልብ ብሎ የሚያይም አልነበረም።

አሁን ደግሞ እዚያው ከተማ ውስጥ ከወንዶች ጸጉር ቤት ግቡ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወንበሩ ሁሉ ተይዟል፤ ተራ የሚጠብቁት ወጣቶች ስልካቸው ላይ አቀርቅረዋል። ጸጉር አስተካካዩ ሥራውን ሲጨርስ እንደ ልማዱ የደንበኛውን አንገት በአልኮል ያሻል፤ ከዚያ አውራ ጣቶቹን ትከሻው ላይ አሳርፎ ጫን ጫን ያደርጋል። ደንበኛው ለአንድ አፍታ ዓይኑን ይጨፍናል። ይህን ጊዜ ከጠባቂዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ሌላው "ኧረ ወንድሜ፣ ተመቸህ መሰለኝ!" ይላል፤ ቤቱ በሳቅ ይናጋል። ዓይኑን ጨፍኖ የነበረው ልጅ ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ይነሣል። ለመሳቅም ለመቆጣትም ጊዜ ያጥረዋል፤ በመጨረሻ ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ ይስቃል፤ ያልሳቀ ሰው ይጠረጠራልና።

ይህን ቀልድ ሺህ ጊዜ ሰምታችሁታል። ወጣት ወንዶች ፍቅራቸውን ሲገልጹ የሚያስከትሏትንም ማስጠንቀቂያ ታውቋታላችሁ፤ "በወንድምነት ነው የምልህ"፣ "እንዳትጠረጥረኝ ብቻ"። ጓደኛው ባማረ ሸሚዝ ሲመጣ "አምሮብሃል" ለማለት እንኳ ግራ ቀኙን ያያል። አብሮ አደጉ ከረጅም ጊዜ በኋላ ሲመጣ ትከሻ ለትከሻ ይጋጫል፤ ከዚያ ሁለቱም እሳት እንደ ነካቸው ፈጥነው ይላቀቃሉ። አባቶቻቸው ቆመው ጉንጭ ለጉንጭ እየተሳሳሙ ስለ ከብቱም ስለ እህሉም ጠይቀው የማይጨርሱት ሰላምታ በዚህ ትውልድ የትከሻ ግጭት ሆኖ ቀርቷል።

ከጥቂት ጊዜ በፊት አባቴና አጎቴ ከጮቄ ሥር ካለው ቀበሌያችን ወደ ደብረ ማርቆስ ወጡ። አጎቴ ዓይኑን ሊታከም ነው፤ መንገዱ ተከፍቷል በተባለበት ሰሞን። ከመናኸሪያው አጠገብ ካለ አንድ ፔንሲዮን ይዣቸው ሄድሁ። መዝገብ ፊት የተቀመጠው ልጅ ጢሙ ገና መውጣቱ ነው፤ በአነጋገሩ የእኛው አገር ሰው መሆኑ ያስታውቃል።

"ባለ አንድ አልጋ ክፍል ስጠን፣ ልጄ" አለ አባቴ።

"ለማን ነው፣ አባባ?"

"ለእኔና ለወንድሜ ነዋ።"

ልጁ መዝገቡን ገለጠ፤ ዘጋው፤ እንደገና ገለጠው። "ባለ ሁለት አልጋ ልስጣችሁ፣ አባባ።"

"ምን ሊያደርግልን? አንዱ ይበቃናል።"

"አይ፣ አሠራሩ አይፈቅድም።"

"ምኑን?"

"ሁለት… ሁለት ሰው።"

"ቅድም እነዚያን ባልና ሚስት አላስገባህም እንዴ?"

"እነሱማ ባልና ሚስት ናቸው።"

"እኛ ደግሞ የአንድ እናት ልጆች ነን። የቱ ይቀርባል?"

ልጁ በዓይኑ ተማጸነኝ። እኔም ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ ማንበብ ጀመርሁ። አጎቴ ልጁ የተቸገረው ማስረጃ አጥቶ መስሎት መታወቂያውን ከደረት ኪሱ አወጣና "ተቀበል፤ የአያንም ተቀበል፤ የአባታችን ስም አንድ ነው" አለው። ልጁ ሁለቱን መታወቂያዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ላቡን ጠረገ። በስተመጨረሻ ባለ ሁለት አልጋውን ጭማሪ ከፍለው ያዙ። በማግሥቱ ማለዳ ልጠራቸው ስገባ አንደኛው አልጋ እንደ ተነጠፈ ነው። የደብረ ማርቆስን ብርድ የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም።

ቁርስ ላይ አጎቴ አልለቀቀኝም። "ያ ልጅ ምን ነበር የፈራው?" አለ። "ሕግ ነው" አልሁት። "የምን ሕግ?" አለ። አባቴ በልጅነቱ ቅኔ ቤት የገባ ሰው ነው፤ ነገር ቶሎ ይገባዋል። ሽሮውን እያጠቀሰ ዝም ብሎ ቆየና "ሰዶምና ገሞራ ነዋ!" አለው። አጎቴ መጀመሪያ አፉን ይዞ አማተበ፤ ቀጥሎ ግን ሳቅ አሸነፈው፤ እስኪያስለው ሳቀ። "በዚህ ዕድሜያችን! አያን የመሰለ ጎምዛዛ ሽማግሌ ማን ይመኘዋል ብሎ ነው?" ሳቁ ሲበርድ አባቴ ወደ እኔ ዞሮ፣ "በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም አልልህም፤ የሚጠይቅ ግን አልነበረም" አለኝ።

ይህን ሰምቶ "አየህ፣ ድሮ መልካም ነበር" ለማለት መቸኮል ያጓጓል። እኔ አልልም። የማይጠየቅበት ዘመን የራሱ ዕዳ ነበረው፤ ዕዳውን የከፈሉት ደግሞ በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ልቡ ወደ ሴት የማይሄድ ወንድ በጎጃም ገጠር ምን አማራጭ ነበረው? ወይ ይመንናል፤ ወይ ያገባል። ሽማግሌ ተልኮለት፣ ጥሎሽ ተጥሎ፣ አንዲት ልጅ ከእናቷ ጓዳ ወጥታ ትሰጠዋለች። ያች ልጅ ዕድሜዋን ሙሉ "ምን አጉድዬ ይሆን?" እያለች ጠበል ለጠበል ትንከራተታለች። አማቷ መካን ናት ይላሉ፤ ጎረቤት መተት ተደርጎባት ነው ይላል። ባልየው አፍ አውጥቶ የሚናገርበት ቋንቋ የለውም፤ ቢኖረውም ማንም አይሰማውም። የአባቶች ዝምታ ያልተጠረጠረውን ሰው በነፃነት አቀፈው፤ የሚመለከተውን ሰው ግን ከነሚስቱ ቀበረው። ስለዚህ ያንን ዘመን መልሱልን አልልም፤ የሚመለስም አይደለም።

ነገር ግን ልጆች በዝምታው ፋንታ ምን ተኩ? ሳቅ። ብዙ የምናውቅ መስሎን ነው የምንስቀው። ለአባቴ ሰዶም በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 19 ያለች፣ እሳትና ዲን የዘነበባት የሩቅ ከተማ ናት፤ ከጎረቤቱ ጋር አያገናኛትም። ልጁ ግን ያንኑ ስም በስልኩ አማካይነት ከጎረቤቱ፣ ከክፍል ጓደኛው፣ ከጸጉር አስተካካዩ ላይ ለጠፈው። ዕውቀቱ ጨመረ፤ ርኅራኄው አብሮ አልጨመረም። ይልቁንም አካሄዱ ለስለስ ያለ፣ ድምፁ የቀጠነ፣ ልብሱን አስተካክሎ የሚለብስ ሁሉ ተጠርጣሪ ሆነ። አባቶች "ጨዋ ልጅ" ይሉት የነበረው ዓይን አፋር ዛሬ ስሙ ሌላ ነው፤ እዚህ አልጽፈውም።

ስልኩ ላይ የሚዞሩትን አጫጭር የቀልድ ቪዲዮዎች ደግሞ ተመልከቱ። አንድ ወንድ ሻሽ ያስራል፤ ወገቡን ያዞራል፤ ድምፁን ያቀጥናል፤ ሌላው ይሸሸዋል፤ አለቀ። ጨዋታው በዚህ ብቻ ያቆማል። ልብ ብላችሁ ከሆነ የሚሳቅበት ነገር በሙሉ የሴት ነው። ሻሹ የእናታችን ነው፤ ወገቡም ድምፁም የእህታችን። "ሴታሴት" የሚለው ስድብ አጥንት የሚሰብረው ሴት መሆንን ውርደት አድርገን ስለያዝነው ነው። ስለዚህ ቀልዱ አንድ ሰው አዋርዶ አይመለስም፤ በመንገዱ ላይ የአገሬውን ሴት ሁሉ ይደርባል።

የጎጃም ሰው ቀልድ አያውቅም የሚለኝ እንዳይኖር። ጠላ ቤት የተቀመጠ ሽማግሌ የሚያወራውን የሰማ ያውቃል፤ ሰምና ወርቁን ለይቶ የሚስቅ ሕዝብ ነው። የወንድ ልጅ እፍረትም ከጥንት ጀምሮ የጨዋታው ማጣፈጫ ነበር። ያ አጎቴ የሠርጉን ነገር ሲያወራ አገር ይስቃል። ሙሽሪት ተከናንባ ተቀምጣለች፤ ሚዜዎቹ ወጥተዋል፤ እሱ አፉ ተሳስሯል። ቀረርቶና ፉከራ የሚያውቀው ጎበዝ፣ በገና ጨዋታ ሜዳውን የሚያስጨንቀው ልጅ፣ ለአንዲት ኮረዳ የሚላት ነገር ጠፋበት። ብዙ ካሰበ በኋላ ከኪሱ የገብስ ቆሎ አውጥቶ ዘረጋላት። እሷም ተቀበለችው። "እስከ ንጋት ቆሎ ስንቆረጥም አደርን፤ ጥርሴን እስካሁን ያመኛል" ይላል። አክስቴ እሳት እየቆሰቆሰች "ቆሎውም ጥሬ ነበር" ብላ ትጨምርበታለች።

የሁለቱን ቀልዶች ልዩነት ለማየት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። አጎቴ የሚስቀው በራሱ ላይ ነው፤ ሲጨርስ ከሚያዳምጡት ወንዶች መካከል አንዱ የራሱን ለማውራት ይነሣሣል። የጸጉር ቤቱ ቀልድ ግን ሲያልቅ ሁሉም ትከሻውን ያደነድናል። ከዚያ ቤት ውስጥ ምናልባት አንድ ነገሩ በእርግጥ የሚመለከተው ልጅ ተቀምጧል። እሱም ይስቃል። ሳቁን ከማንም በላይ አጥንቶታል፤ የት ላይ መጀመር፣ መቼ ማቆም እንዳለበት ያውቃል። ከአባቱ ዘመን ሰው ይልቅ ስለ ራሱ የሚያውቅ፣ በስልኩ እንደ እሱ ያሉ ሰዎች በዓለም ሁሉ መኖራቸውን ያነበበ ልጅ ነው፤ በዚያው ስልክ ደግሞ ራሱን እንደ አውሬ የሚያድኑትን ያያል።

ማደን ስል ማጋነን እንዳይመስላችሁ። በ2015 ዓ.ም. በቲክቶክ የሰዎችን ፎቶግራፍና ስም እየለጠፉ "እነዚህ ናቸው፣ ያዟቸው" የሚሉ ቪዲዮዎች በስፋት ተሰራጭተው ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ይፈጸምባቸዋል ባላቸው ሆቴሎችና ሌሎች ቤቶች ላይ እርምጃ እንደሚወስድ አስታወቀ። የፔንሲዮኑ ልጅ መዝገቡን ይዞ ያላበው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። የፈራው ሁለቱን ሽማግሌዎች አልነበረም፤ "ሁለት ወንድ በአንድ አልጋ አሳደረ" የሚለውን ወሬ ነው።

ሕጉ ምን ይላል ለሚል፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 ድርጊቱን በቀላል እስራት ያስቀጣል፤ በሚቀጥሉት አንቀጾች ቅጣቱ የሚከብድባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል። ጥርጣሬን፣ አካሄድን፣ የድምፅን ቅጥነት የሚቀጣ አንቀጽ የለም። ጎረቤት ለጎረቤቱ ዳኛም ገራፊም እንዲሆን የሚፈቅድም የለም። በ2006 ዓ.ም. ወንጀሉን ይቅርታ ከማያሰጡት ተርታ ለማስገባት ታስቦ የነበረው ሐሳብ እንኳ ተትቷል፤ በዚያ ሰሞን ተጠርቶ የነበረው የተቃውሞ ሰልፍም ተሰርዟል። የእኔን አቋም ለሚጠይቅ፣ ሁለት አዋቂዎች በፈቃዳቸው በሚያደርጉት ነገር ፖሊስ በር ባያንኳኳ እመርጣለሁ። በዚህ የሚከተለኝ አንባቢ ጥቂት እንደሚሆን አውቃለሁና አልገፋበትም።

"ከምዕራብ የመጣ ነው" ለሚሉት ግን አንድ ነገር ላስታውስ። ከአሁኑ በፊት የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ድርጊቱን ይከለክል ነበር። ያኔ በአገሪቱ ቴሌቪዥን አልነበረም፤ የመጣው በ1957 ዓ.ም. ነው። ኢንተርኔትማ አይታሰብም። ሕግ አውጪ የሌለ ነገር አይከለክልም። "ረቂቁን ያዘጋጀው እኮ ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን ነው" የሚል የሕግ ተማሪ ካለ ልክ ነው፤ እንግዲያው ከውጭ መጣ ከሚባለው ውስጥ አንቀጹንም ይቁጠርልኝ።

የሃይማኖት ነገር ይነሣል፤ መነሣትም አለበት። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ግልጽ ነው፤ አባቴም አይስተውም። ነገር ግን በዚያው ትምህርት ውስጥ የነፍስ አባት የሚባል ሰው አለ። የሰማውን ይዞ ይሞታል እንጂ አደባባይ አያወጣም። ንስሐ የሚሰጠው ለብቻ ነው፤ ለዚያም ነው ገዳዩም ሌባውም ደፍሮ የሚቀርበው። ኃጢአት ነው ብሎ የሚያምን ሰው የሰውን ፎቶግራፍ ለመቶ ሺህ ተመልካች ለጥፎ መሳለቅን ከየትኛው ገድል እንደ ተማረው ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።

ደግሞ "ጥይት በሚጮህበት ጎጃም ይህ ነው ወይ የሚጻፈው?" የሚለኝ ይኖራል። ጥያቄው ይገባኛል። ጥይት በሚጮህበት አገር ግን ወንድ ልጅ የሚደነድነው እጥፍ ነው። ወንድሙን የቀበረ ወጣት የጓደኛው ትከሻ ላይ ራሱን አሳርፎ ማልቀስ ካፈረ፣ ያንን ሐዘን የት ያወርደዋል? አባቱ ቢሆን አንገት ለአንገት ተያይዞ ያለቅስ ነበር፤ ዙሪያውን ሳያይ።

የዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ትርፉ ምን እንደሆነ ለማየት ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ወጥተው ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ወንደላጤዎችን ጎብኙ። አንዱን አውቀዋለሁ፤ መሐንዲስ ነው፤ ሽሮ ሲሠራ እጅ ያስቆረጥማል። ግን በሩን ዘግቶ፣ መጋረጃውን ስቦ ነው የሚሠራው። ሽታው ወጥቶ ጎረቤት "ማን መጣ ዛሬ?" ካለው "እህቴ መጥታ ነው" ይላል። እህቱ ከመጣች ዘመን የላትም። ሽንኩርት ሲከትፍ ያለቀሰውን እንኳ ፊቱን ታጥቦ ነው የሚወጣው።

የቀልድ ቪዲዮ ለምትሠሩ ወጣቶች የምላችሁ ይኸው ነው። ወንድ ልጅ ያስቃል፤ በጣም ያስቃል። ሻሹን ግን ለእናቶቻችን መልሱላቸውና ካሜራውን ወደ እኛ አዙሩት። የአንድ እናት ልጆችን ሁለት መታወቂያ ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያልበው የፔንሲዮን ልጅ አለላችሁ፤ የቀን መቁጠሪያ የሚያነበው የተማረ ልጅም አብሮት አለ። ትከሻው ስለታሸ ከወንበር የሚስፈነጠረው ጎበዝ አለ። ጓደኛው ሲያንኳኳበት ሽሮውን ከነድስቱ አልጋ ሥር የሚሸሽግ መሐንዲስ አለ። ጓደኛው ይገባል፤ ይቀመጣል፤ ክፍሉን ያሸታል። "እህትህ የት ሄደች?" ይላል። ከዚያ በኋላ ያለውን እናንተ ታውቁበታላችሁ፤ ብቻ ድስቱ ትኩስ መሆኑን አትርሱ፤ ፍራሹ ስፖንጅ ነው።